አንዲት ቅጽል

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
መኪናዬን እንደ በቅሎ ከማቆሚያው ምሰሶ
አሰርኋት በኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሞተሯ እንዳይሞት ቀዝቅዞ፤
የሆስፒታሉን በር በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ፣
«አስተርጓሚ፣ አማርኛ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ አጠለቅሁ።
መሐላዬ አጭር ናት፦ ከሰው ቃል አልጨምር፣
ከሰው ቃል አልቀንስ፣ የሰማሁትን ላሻግር።

ሦስተኛ ፎቅ። አቶ ደርሰህ ወልደጊዮርጊስ፣
ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ የልባቸው በር ሊታደስ፣
ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተጋድመው የጣሪያ መብራት ይቆጥራሉ፤
ከሬጂና ሰድበሪ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል አሉ።

ሐኪሟ መጣች፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ እጇን ታሽ ታሽ አድርጋ፣
«አር ዩ ሬዲ?» አለች፣ ፈገግ ብላ፣ ወደ አልጋው ተጠግታ።

አንዲት ቅጽል። ሁለት ፊደል። አፌን ከፈትሁ፤
የሚወጣው ግን ጠፋኝ፤ ወረፋ የያዙ ቃላት አየሁ።
ለሰብሉ ቢሆን «ደርሷል»፣ ለጠላውም «ደርሷል» ባልሁ፣
ለበቅሎዋ «ተጭናለች»፣ ለጠመንጃው «ጎርሷል» ባልሁ፣
ለሊጡ «ኩፍ ብሏል»፣
ለነፍሰ ጡሯ «ወሯ ገብቷል»፤
ጓዳዋ ለማይጎድል ሴት ደግሞ «ስንዱ» የሚባል
ጌጥ የመሰለ ቃል አለ፤ እሱም ለእሳቸው ትከሻ ይጠባል።
እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም አንዲት ካፖርት ነው ያለው፣
እራቱንም፣ ሯጩንም፣ ሟቹንም የሚያለብሰው።
ለሰው ሲሆን ይብሳል፤ ካፖርቷ ሁለት ኪስ አላት፦
ዕቃህ ተሟልቷል ወይ? በአንዱ፤ ልብህ ወዷል ወይ? በሌላው።
በየትኛው ኪስ ነው እጇን የከተተችው?

«ተዘጋጅተዋል ወይ?» አልሁ በመጨረሻ። የቢሮ ቃል፤
እንደ ማኅተም ደረቅ፣ እንደ ቅጽ የሚሞላ፣ የሚጣል።

አዩኝ። «ልጄ» አሉ፣ «እንዴት ያለ ዝግጅት?
ሰው ሲዘጋጅ ይቋጥራል፤ ስንቅ፣ ትርፍ ጎማ፣ ሹራብ፣ ሰንሰለት።
እኔን ግን ከትናንት ጀምሮ ሲያራግፉኝ ነው ያደሩት፤
ቀለበቴን በሳሙና፣ ጥርሴን በብርጭቆ፣ ሱሪዬን በፌስታል ወሰዱት፤
ደረቴ ተላጭቶ፣ ውሃ እንኳ ተከልክዬ፤
ጭነቱ ወርዶ ባዶውን የቆመ መኪና፣ ዝግጁ ይባላል እንዴ?»

ይህን ሁሉ አሻገርሁ። ሐኪሟ ሰዓቷን አላየችም።
«አዎ» አለች፤ «እዚህ ቤት ዝግጁ ማለት እንዲያ ነው፤ ባዶ መሆን።»
መልሼ ነገርኋቸው። ዝም አሉ። ማሽኑ ብቻ ጥን፣ ጥን።

ቆይተው፦ «እንግዳ በድንገት ሲመጣ፣ ቤቱ ሳይጠረግ፣
እስኪጠረግ ድረስ ብርድ ላይ ማስቆም ነው እንዴ ወግ?
ንገሪያት። ቤቱ አልተሰናዳም፤ ግን ግቡ።»

አልጨምር፣ አልቀንስ። ቃል በቃል አልኋት፦
ቤቱ አልተሰናዳም፤
ግን ግቡ።

ነርሷ የያዘችው ቅጽ ሁለት ሳጥን ብቻ አለው፤ አዎ፣ አይደለም።
ብዕሯን እንዳንጠለጠለች ቀረች፤ አንዱንም አልነካችም።
በሩ በራሱ ተከፈተ። ሃያ ዓመት የነዱት ሰው
ሲነዱ ሄዱ፣ ሌላ ሰው መሪውን ይዞላቸው፤
መታጠፊያው ላይ ቀኝ እጃቸው ከአንሶላው ወጣ ብሎ
ፍሬቻ የሚያበራ መሰለኝ።

እኔ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ፤ የጥርስ፣ ከወንዙ ማዶ።
ገመዱን ከምሰሶው ነቀልሁ፣ ጣቴ ብረቱን ነክቶ ተቃጥሎ፣
ቁልፉን አዞርሁ። አቃሰተች። ደገምሁ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰክታ ሙቀት ስትጠባ ቆይታ፣
ምንም ሳይጎድላት፣
ለመነሳት ትንሽ አመነታች።
አልተቆጣኋትም።
ጠበቅኋት።